ሳቅን በሌላ ሰው ገላ፦ የኮሜዲያን የሕይወት ታሪክ ፊልም እንዴት ይሠራል?

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። ዴቪ ፍራንክልና ራሴላስ ላቀው በ2009 ለእይታ ባበቁት «አትሌቱ» በተሰኘው ፊልም የዚህን ሯጭ ሕይወት ሲተርኩ፣ አበበን ሆኖ የተጫወተው ራሴላስ በዚያ ፍጥነት እንዲሮጥ የጠበቀ ተመልካች አልነበረም። የሮምንና የቶኪዮን ውድድሮች የሚሸከሙት በየዘመናቸው የተቀረጹ ታሪካዊ ምስሎች ናቸው። የተዋናዩ ድርሻ ከውድድሩ ውጭ ያለውን ሰው ማሳየት ነው፤ ዝምታውን፣ የመኪና አደጋውን፣ ከአደጋውም በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር የቀጠለውን ሕይወት። ታላቅነቱ በሰነድ ተረጋግጧልና ተዋናዩ ደግሞ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም።

የኮሜዲያን ሕይወት ግን በዚህ መንገድ አይሠራም። ሯጭን የሚጫወት ተዋናይ ፈጣን መሆን ባይኖርበትም፣ ኮሜዲያንን የሚጫወት ተዋናይ ማሳቅ ግድ ይለዋል። «ይህ ሰው በዘመኑ አገር ያስቅ ነበር» የሚል ምስክርነት ሰምቶ የሚስቅ ተመልካች የለም። ችግሩን የሚያከብደው ደግሞ የጥንቱ የስክሪን ኮሜዲያን ሥራ ዛሬም በፊልም መኖሩ ነው፤ ተመልካቹ ዋናውንና ቅጂውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመዝናል። ይህ ጽሑፍ ችግሩ እንዴት እንደ ተያዘ በሦስት ፊልሞች አማካይነት ያብራራል፤ ይበልጥ የሚያተኩረው ግን በሪቻርድ አተንቦሮ «ቻፕሊን» ላይ ነው። ከዚያም ተመሳሳይ ሥራ ስለ አንድ የአማርኛ ኮሜዲያን ቢታሰብ ምን እንደሚገጥመው ይመረምራል።

የ1992ቱ «ቻፕሊን»

አተንቦሮ ለሕይወት ታሪክ ፊልም እንግዳ አልነበረም። በ1982 «ጋንዲ»ን፣ በ1987 ደግሞ የደቡብ አፍሪካውን ስቲቭ ቢኮን ታሪክ የያዘውን «ክራይ ፍሪደም» ሠርቷል። ሆኖም ጋንዲም ሆነ ቢኮ የታወቁት በሐሳባቸውና በተጋድሏቸው ነው፤ ሐሳብ ደግሞ በንግግር ሊገለጽ ይችላል። በ1889 ለንደን ተወልዶ በ1977 ስዊዘርላንድ ውስጥ ያረፈው ቻርሊ ቻፕሊን ግን ዝናውን ያገኘው ከአፉ ቃል ሳይወጣ ነው። የአተንቦሮ የቀደመ ልምድ እዚህ ላይ ብዙም አልረዳውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፊልሙ የተመሠረተው በሁለት መጻሕፍት ላይ ነው፤ አንደኛው ቻፕሊን ራሱ በ1964 ያሳተመው ግለ ታሪክ፣ ሁለተኛው ዴቪድ ሮቢንሰን በ1985 ያወጣው የሕይወት ታሪክ ጥናት። የሁለቱ ጠባይ የተለያየ ነው። ግለ ታሪኩ ባለታሪኩ እንዲታወስለት የፈለገውን ይናገራል፤ የልጅነት ድህነቱን አብዝቶ ሲተርክ፣ አብረውት የሠሩትን ብዙ ሰዎች በዝምታ ያልፋል። ሮቢንሰን በበኩሉ የቻፕሊንን የሥራ ሰነዶች የመመርመር ዕድል ያገኘ የፊልም ታሪክ ጸሐፊ ነው። አንድ ስክሪፕት ከሁለቱም ሲቀዳ ተራኪው ማን እንደሆነ የመወሰን ግዴታ ይመጣል። ለፊልሙ የተገኘው መፍትሔ ፈጠራ ነበር፦ አንቶኒ ሆፕኪንስ የሚጫወተው ጆርጅ ሄይደን የተባለ የመጽሐፍ አርታኢ ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ፣ ያረጀውን ቻፕሊን ስለ ግለ ታሪኩ ረቂቅ ይጠይቀዋል። ሄይደን በእውን የነበረ ሰው አይደለም። ተግባሩ ከመጽሐፉ ውስጥ የተዘለለውን እየነቀሰ ማውጣት፣ የትዕይንቶቹንም የጊዜ ክፍተት መስፋት ነው። ብልሃቱ ከጥቅሙ ጋር ጉዳትም አለው፤ ፊልሙ አንድ ነገር ማሳየት ሲያቅተው ሄይደን ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሽማግሌው ይመልሳል፤ ተመልካቹም ማየቱን ትቶ ወደ መስማት ይመለሳል።

ገንዘቡን በተመለከተ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። መጀመሪያ ሥራውን ይዞት የነበረው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ወደ ኋላ ሲል ካሮልኮ የተባለው ኩባንያ ተረከበው። ወጪው 31 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ግን 10 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ለሦስት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ አንዱንም አላገኘም።

የሥራው እምብርት የተዋናዩ ዝግጅት ነው። ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በቀረጻው ጊዜ 30 ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር፤ ከጎረምሳነት እስከ 80ዎቹ ዕድሜ ያለውን ቻፕሊን መጫወት ነበረበት። ቻፕሊን ቫዮሊን የሚጫወተው በግራ እጁ ስለነበረ ተዋናዩም በግራ እጅ መያዝን ተለማመደ። ዋናውን የአካል ሥልጠና የሰጠው ግን ዳን ካሚን የተባለ የማይም ባለሙያ ነው። እዚህ ላይ በመምሰልና በመሥራት መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። የቻፕሊንን አረማመድ፣ የተንጋደደ ጫማውንና የምርኩዙን አያያዝ ማንኛውም ልጅ ለአንድ ደቂቃ ሊያስመስል ይችላል። የሚከብደው የእንቅስቃሴውን ምክንያት መያዝ ነው።

ለዚህ ጥሩው ማሳያ የሰካራሙ ትዕይንት ነው። ቻፕሊን ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት በፍሬድ ካርኖ የቀልድ ቡድን ውስጥ ስሙን የተከለው፣ ቲያትር ሊያይ መጥቶ ትርኢቱን የሚያውክ ሰካራም ባለጸጋ ሆኖ በመጫወት ነው። ዳውኒም በፊልሙ ውስጥ ይህን ይሠራል። ሰካራምን ሲያሳይ የሚንገዳገድ ተዋናይ አያስቅም፤ የሚያስቀው እንዳልሰከረ ለመምሰል የሚታገል ሰው ነው። ኮፍያውን በጥንቃቄ ያስተካክላል፣ በክብር ሊቀመጥ ይሞክራል፣ ወንበሩ ግን ካሰበበት ቦታ ላይ የለም። ተዋናዩ ሊማረው የሚገባው ይህን ክብርን የመጠበቅ ትግል ነው፤ መውደቁ በራሱ ጊዜ ይመጣል። የፊልሙ ሳቅ ከሞላ ጎደል የሚገኘው ዳውኒ ይህን በያዘባቸው ትዕይንቶች ነው፤ ለኦስካር ያሳጨውና የብሪታንያን የባፍታ ሽልማት ያስገኘለትም ይኸው ብቃት መሆኑ አያጠራጥርም።

አተንቦሮ ከተዋናዩ ብቃት ሌላ ሁለት የአቀራረብ ዘዴዎችን ተጠቅሟል። የመጀመሪያው ተረቱን ተረት ብሎ ማሳየት ነው። የዝነኛው «ትራምፕ» ገጸ ባሕርይ ልብስ እንዴት እንደ ተመረጠ ሲተረክ፣ ኮፍያውና ምርኩዙ በልብስ ክፍሉ ውስጥ እንደ አስማት ራሳቸው ተዋናዩን ሲጠሩት ይታያል። ሄይደን አላምንም ይላል፤ ትዕይንቱም ከአስማት ወደ ተራ አጋጣሚ ተለውጦ እንደገና ይነገራል። ይህ ከፊልሙ ብልህ ውሳኔዎች አንዱ ነው። ቻፕሊን ራሱ ስለዚያ ቀን የተናገረው በተረት ያጌጠ መሆኑን ተመልካቹ ይረዳል፤ ተረቱንም እያወቀ ይደሰትበታል። የሕይወት ታሪክ ጥናት በግርጌ ማስታወሻ የሚያደርገውን ፊልም በራሱ ቋንቋ እንዲህ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለተኛው ዘዴ የኮሜዲያኑን የፊልም ሰዋስው ለሕይወቱ መዋስ ነው። ቻፕሊን ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር በፍቺ ሲሟገት፣ ጠበቆች «ዘ ኪድ» የተሰኘውን ፊልም እንዳይወስዱበት ያልተቀናበረውን ጥሬ ቀረጻ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ አሽሽቶ በሆቴል ክፍል ውስጥ ሲያቀናብር ነበር። አተንቦሮ ይህን ሽሽት እንደ ጥንቱ ድምፅ አልባ ፊልም አፍጥኖ፣ በማሳደድና በመሰናከል አቀረበው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ለክርክር ክፍት ነው። በቻፕሊን ፊልሞች ውስጥ የሚያስቀው ፍጥነቱ ሳይሆን በፍጥነቱ መካከል የሚገኘው ቆም ማለት ነውና፣ ማፍጠን ብቻውን የዘመኑን ፊልም ላዩን እንጂ ውስጡን አያመጣውም።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን የፊልሙ ፍጻሜ ነው። በ1952 ከአሜሪካ ሲወጣ የመመለሻ ፈቃዱ የተሰረዘበት ቻፕሊን፣ በ1972 የክብር ኦስካር ለመቀበል ወደ ሎስ አንጀለስ ተመለሰ፤ 83 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። በሜካፕ ያረጀው ዳውኒ ከመድረኩ በስተጀርባ ሆኖ ስክሪኑን ሲመለከት፣ በስክሪኑ ላይ የሚታዩት እውነተኛዎቹ የቻፕሊን ፊልሞች ናቸው። የአዳራሹ ሕዝብ ይስቃል፤ በሲኒማ ቤት የተቀመጠውም ተመልካች አብሮ ይስቃል። ከሁለት ሰዓት በላይ ቻፕሊንን ሆኖ የደከመው ተዋናይ በመጨረሻ ቦታውን ለባለቤቱ ለቅቆ ተመልካች ይሆናል። ይህን እንደ ሽንፈት ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን በኮሜዲያን የሕይወት ታሪክ ፊልም ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ፍጻሜ ማግኘት ያስቸግራል።

የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። የቻፕሊን አራት ጋብቻዎች፣ የፍርድ ቤት ክሶችና ከኤፍ.ቢ.አይ. ሹም ከጄ. ኤድጋር ሁቨር ጋር የነበረው ቁርሾ አብዛኛውን ጊዜ ሲወስዱ፣ ለሥራው የተረፈው ደቂቃ ጥቂት ነው። ንጽጽሩን የሚያጎላው ኬቨን ብራውንሎውና ዴቪድ ጊል በ1983 የሠሩት «አንኖውን ቻፕሊን» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች ያልተጣሉ የቀረጻ ቁርጥራጮችን በቅደም ተከተል ደርድረው፣ ቻፕሊን ልምምዱን ራሱን በካሜራ ይቀርጽ እንደነበርና ታሪኩንም በቀረጻ ላይ እያለ ይፈልግ እንደነበር አሳይተዋል። «ዘ ኢሚግራንት» የተባለው የ1917 ፊልም የተጀመረው በምግብ ቤት ቀልድ ነው፤ የስደተኞቹ መርከብ ሐሳብ የመጣው በኋላ ነው። በ«ሲቲ ላይትስ» (1931) ደግሞ ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ድሃውን ትራምፕ ሀብታም ነው ብላ እንድታስብ የሚያደርጋትን ምክንያት ለማግኘት ቻፕሊን ሥራውን እያቋረጠ ለረጅም ጊዜ ተቸግሯል። መልሱ በመጨረሻ የመኪና በር መዘጋት ሆነ፤ ያውም ተመልካቹ ድምፁን በማይሰማበት ፊልም። አንድ ሰው ለአንዲት በር መዘጋት ይህን ያህል መጨነቁ ከአራቱም ጋብቻዎች ይልቅ ስለ ማንነቱ ይናገራል።

አንድ ነገር ሳይነሳ ማለፍ የለበትም። የቻፕሊንን እናት ሃናን ሆና የተጫወተችው የቻፕሊን ልጅ ጄራልዲን ናት፤ አእምሮዋ የታወከውን አያቷን ለመጫወት ደፍራለች። በእነዚያ ትዕይንቶች ላይ የሚታየው ቁጥብነት ከዳይሬክተሩ ይሁን ከቤተሰቡ ትዝታ መለየት ያዳግታል፤ በፊልሙ ውስጥ ከማንም በላይ እንባ ሳትጠይቅ የምታሳዝነው እርሷ ናት።

ስም ሲሸጥ፣ ዕድሜ ሲጠብ

የቻፕሊን ዘመነኛ የሆነው በስተር ኪተን ከዚህ የከፋ ዕጣ ገጥሞታል። ፓራማውንት በ1957 «ዘ በስተር ኪተን ስቶሪ» የተባለውን ፊልም በሲድኒ ሼልደን ዳይሬክተርነትና በዶናልድ ኦኮነር ተዋናይነት ሲሠራ ኪተን በሕይወት ነበረ፤ በአማካሪነትም ተመዝግቧል። ለሕይወቱ ታሪክ 50,000 ዶላር ተከፍሎት በገንዘቡ ቤት ገዛ። ፊልሙ ግን የትዳሩን ታሪክ በፈጠራ ተክቶ፣ የሥራውንም ቅደም ተከተል አዛብቶ ወጣ። ኦኮነር የተዋጣለት ዳንሰኛና ቀልደኛ ነበር፤ የሰውነት ቅልጥፍና አልጎደለውም። የጎደለው ስክሪፕቱ ነው፤ ስክሪፕቱ ኪተንን በመጠጥ የተሰበረና በፍቅር የዳነ ሰው አድርጎ ስለ ጻፈው፣ በድንጋይ ፊት ቆሞ ዓለም ሲፈርስበት የሚመለከተው ፈጣሪ ከታሪኩ ወጣ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ የባለታሪኩ ፈቃድና በቀረጻው ሥፍራ መገኘት እንኳ ለታሪኩ እውነተኛነት ዋስትና አይሆንም።

«የሚያሳዝነው ቀልደኛ» የተባለው ቀመር በኋላም ብዙ ፊልሞችን አበላሽቷል። ቀመሩ ሳቅን የሐዘን መሸፈኛ አድርጎ ያቀርባል፤ ሐዘኑም ከተገኘ ሳቁ እንደ ተብራራ ይቆጥራል። ድሃ ሆነው ያደጉ፣ እናታቸው የታመመችባቸው ልጆች በለንደን በብዙ ሺህ ይቆጠሩ ነበር፤ ቻፕሊን የሆነው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሐዘኑ ቻፕሊንን ሊያብራራ የማይችለው ለዚህ ነው።

በ2018 የወጣው የጆን ቤርድ «ስታን ኤንድ ኦሊ» ይህን ወጥመድ ያለፈው ዕድሜን በማሳጠር ነው። የስክሪፕት ጸሐፊው ጄፍ ፖፕ የስታን ሎሬልንና የኦሊቨር ሃርዲን ሙሉ ሕይወት ለመተረክ አልሞከረም። ፊልሙ በ1937 በሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ በረጅም ያልተቆረጠ ቀረጻ ይጀምርና ወደ 1953 ይዘላል፤ ሁለቱ ያረጁ ኮሜዲያኖች በብሪታንያና በአየርላንድ ከከተማ ከተማ እየዞሩ በመድረክ ሲጫወቱ ያሳያል። በእውነቱ በ1947፣ በ1952 እና በ1953 የተጀመሩ የተለያዩ ጉዞዎች ነበሩ፤ ፊልሙ ወደ አንድ ጠቅልሏቸዋል። ሎሬል ሳይኖር ሃርዲ በ1939 «ዜኖቢያ» በተባለው ፊልም መጫወቱ እውነት ነው፤ በዚህ ምክንያት በአደባባይ የሚካሄደው መራራ ጠብ ግን ለድራማው ሲባል የተጋነነ ነው።

ስቲቭ ኩጋን ሎሬልን፣ ጆን ሲ. ራይሊ ሃርዲን ሲጫወቱ፣ ራይሊ በማርክ ኩሊየር የተሠራ ከባድ የፊትና የገላ ሜካፕ ለብሷል። ሆኖም የፊልሙ ስኬት ከሜካፑ ይልቅ ከአወቃቀሩ የመጣ ነው። የድሮው ቀልድ በመድረክ ሲቀርብ ተመልካቹ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ቀልዱንና ቀልዱን ለማቅረብ የሚታገለውን የታመመ ገላ። በ«ዌይ አውት ዌስት» ውስጥ የተወነው ውዝዋዜ ሲደገም ተዋናዮቹ ወጣቶቹን ሎሬልና ሃርዲን እንዲመስሉ አይጠበቅም፤ ወጣትነታቸውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን እንዲመስሉ ነው የሚጠበቀው። ንጽጽሩ በታሪኩ ውስጥ ስለ ገባ ተዋናዮቹን አይጎዳቸውም። ይህ መፍትሔ ከአተንቦሮ ሰፊ ሸራ ይልቅ አነስተኛ በጀት ላለው የፊልም ሠራተኛ የሚቀርብ ነው።

በአዲስ አበባ ቢታሰብ

በአማርኛ የስክሪን ኮሜዲ ታሪክ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ፊልም የሚመቹ ሰዎች አይታጡም። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በጥንድ ቀልዳቸው፣ ተስፋዬ ካሳ በነጠላ ሥራው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅቶች ከአንድ ትውልድ በላይ አስቀዋል። አለባቸው፣ ሀብቴና ተስፋዬ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሆኖም የእነርሱን ሕይወት የሚያነሳ ፊልም ከላይ ከተነሱት የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ነጥብ አለ፦ የአማርኛ ኮሜዲ ከገላ ይልቅ የምላስ ነው።

ቻፕሊንን ለመጫወት የማይም መምህር ያስፈልጋል፤ የአማርኛ ኮሜዲያንን ለመጫወት ግን የሚያስፈልገው የቋንቋ ጆሮ ነው። ቀልዱ የሚቆመው በአነጋገር ዘዬ፣ በቃላት ድርብ ትርጉም፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ባለችው እስትንፋስ ላይ ነው። የቅኔ ባህል ያለው አድማጭ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ለመያዝ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል፤ የተካነ ኮሜዲያን ያቺን ጊዜ ይሰጠዋል፣ ደግሞም ከልክ በላይ አያረዝማትም። ተዋናዩ ቃሉን በሙሉ አጥንቶ ያቺን እስትንፋስ ከሳታት ቀልዱ እንደ ዜና ይነበባል። በካሴትና ኋላም በቪሲዲ ይሸጡ የነበሩ የቀልድ ሥራዎች ለዚህ ጥናት ትልቅ ሀብት ናቸው፤ በተለይ ካሴቶቹ ምስል ስለሌላቸው የጊዜ አጠባበቁን ለብቻው ለመስማት ያስችላሉ።

ሌላው ችግር የቀልድ እርጅና ነው። የገላ ቀልድ ዘመን ይሻገራል፤ መቶ ዓመት ያለፈው መውደቅ ዛሬም ያስቃል። ስለ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የተነገረ ቀልድ ግን ሰልፉን ላላየ የሃያ ዓመት ወጣት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ማብራሪያ የሚፈልግ ቀልድ ደግሞ ሞቷል። መውጫው ቀልዱን ለዛሬው ተመልካች ብቻ ሳይሆን በፊልሙ ውስጥ ላለው የዘመኑ ተመልካች መንገር ነው። በአንድ ሳሎን ውስጥ በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ የተሰበሰበ ቤተሰብና ጎረቤት ሲስቅ ካሜራው ፊታቸውን ቢያሳይ፣ ቀልዱን ያልተረዳ ተመልካች እንኳ ሳቁ ለእነዚያ ሰዎች ምን እንደነበረ ይረዳል።

ያ ሳሎን የት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የአተንቦሮ ቡድን የጥንቷን ሆሊውድ ለማሳየት ስቱዲዮዎችን እንደ አዲስ ገንብቷል፤ እንዲህ ያለ ወጪ የሚችል የአማርኛ ፊልም የለም። አዲስ አበባ ደግሞ በፍጥነት እየተለወጠች ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ለጊዜያዊ መቼት ያገለግሉ የነበሩ መንገዶችም አብረው ሄደዋል። በዚህ ረገድ ሲ.ኤም.ሲ ያልተጠበቀ ጥቅም አለው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ቤቶቹን ከሠራው የጣሊያን ተቋራጭ ምኅጻረ ቃል ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች የደርግ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ይህም ማለት የጥንዶቹ ኮሜዲያኖች ተመልካች የነበረው የከተማ ነዋሪ ይኖርባቸው የነበሩ የቤት ዓይነቶች ዛሬም ቆመው ይገኛሉ ማለት ነው። የአማርኛ ፊልም በሲ.ኤም.ሲና በአያት በኩል ያሉ ቪላዎችን ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የባለጸጋን ምቾት ለማሳየት ነው፤ በአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ውስጥ ያለውን የዘመን ምስክርነት ገና አልተጠቀመበትም። ከቤት ውጭ ለሚቀረጽ ትዕይንትም ከሰፈሩ በስተሰሜን የሚታየው የእንጦጦ ተራራ ባሕር ዛፍ፣ ካሜራው ከፍ ብሎ አዲሶቹን ሕንፃዎች እስካላሳየ ድረስ፣ ዘመን አይነግርም።

ፈቃድና ክስ

ቦታና ተዋናይ ከተገኘ በኋላም የሕግ ጥያቄ ይቀራል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ማብቂያ የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ «ድፍረት» በብሔራዊ ቲያትር ሊመረቅ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይታይ ታገደ። ፊልሙ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ነበር። የክርክሩ ምክንያት ታሪኳ ለፊልሙ መነሻ የሆነው ባለታሪክ ፈቃድ ጉዳይ ነበር፤ ፊልሙ በኋላ ለሕዝብ ታይቷል። ክስተቱ ለሕይወት ታሪክ ፊልም ሠሪዎች የማይረሳ ማስጠንቀቂያ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ ለታዋቂ ሰዎችና ለባህላዊ ጥቅም ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ኮሜዲያን በሁለቱም መመዘኛ ከልዩ ሁኔታው ሊገባ ይችላል። ነገር ግን አንቀጽ 30 ባለምስሉ ከሞተና አቀራረቡ ክብሩን ወይም ዝናውን የሚነካ ከሆነ ቤተሰቡ እንዲቃወም መብት ይሰጣል። በተዋናይ የሚቀርብ ገጸ ባሕርይ «ምስል» ነው ወይስ አይደለም የሚለው ለሕግ ምሁራን የሚተው ጥያቄ ነው፤ ዋናውን ቀረጻ በፊልሙ ውስጥ ማስገባት ግን ያለ ጥርጥር ምስል ነው። በዚያ ላይ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚያስጠብቅ፣ ቀልዱን የጻፈው ማን ነው የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሳል። በጥንድ በሚሠራ ቀልድ ውስጥ ደግሞ ብዙው ነገር የሚፈጠረው በልምምድ ላይ ነውና፣ አንድ ደራሲ መሰየም ቀላል አይሆንም።

ከዚህ የተነሳ ቤተሰብ ፈቃድ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ንጹሕና እንከን የለሽ ሰው እንዲታይ ይጠብቃል። የኪተን ፊልም ግን ባለታሪኩ እየኖረና እየተከፈለውም ውሸት ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል፤ የቻፕሊን ፊልም ደግሞ ቤተሰብ በሥራው ውስጥ ገብቶ፣ የሃና ቻፕሊንን እብደት ያህል አስጨናቂ ነገር ሳይሸፈን ሊወጣ እንደሚችል። ልዩነቱ ስምምነቱ በተፈረመ ጊዜ ቤተሰቡ ስክሪፕቱን እንደ አጥር ጠባቂ ወይስ እንደ ምንጭ ይዞታል በሚለው ላይ ነው። ለተመራማሪ ይህ ማለት የፈቃድ ውይይትና የቃል ታሪክ ማሰባሰብ በአንድ ጊዜ መጀመር አለባቸው ማለት ነው።

ኦሊቨር ሃርዲ በ1957 ከሞተ በኋላ ስታን ሎሬል ዳግመኛ መድረክ ላይ አልወጣም፤ በ1965 እስኪያርፍ ድረስ ግን ለሁለቱ የሚሆኑ ቀልዶችን መጻፉን አላቆመም። ከጥንዶቹ የተረፈው ሰው የሌላውን ተራ በጆሮው ይሰማል። ከአማርኛ የጥንድ ኮሜዲያኖች መካከል የቀረውን ሰው ለመጠየቅ የሚሄድ ተመራማሪ ይዞት የሚሄደው የሕይወት ታሪክ መጠይቅ ብቻ መሆን የለበትም። የድሮውን ካሴት አጫውቶ፣ የሟቹ ተራ ከመድረሱ በፊት ባለችው እስትንፋስ ላይ ያቁመው፤ ከዚያም በልምምዱ ቀን በዚያች ቦታ ላይ ምን እንደ ተባባሉ ይጠይቅ።